ሃያ ሁለት ዓመት በእንግሊዝኛ

ኔታ ማክገርክ እንዴት ያለች ሰው ናት ብላችሁ አምና በነሐሴ ጠይቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ፣ "እሷማ ከግላስጎው ከተማ የመጣች ናት፤ የመዋዕለ ሕፃናታችን ጽዳት ሠራተኛ፤ ንጹሕ፣ ዝምተኛ፣ ክፉ ደግ የማይወጣት" ብዬ ጨርሼ ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬያት ኖሬ የማውቀው ይህንኑ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ፣ የእኔም ጉድ የተሰማው በመስከረም ነው። ያውም በሽንት ቤት በር ስር።

ኤፊ እባላለሁ። በሉዊስ ደሴት ምዕራብ ዳርቻ፣ ሃላስታ በምትባለው መንደራችን፣ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆችን በቋንቋችን በጌሊክኛ የምናሳድግበትን ክፍል ስመራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስለ ቋንቋው ከተነሳ እኔን የሚያቆመኝ የለም። ቄሱ የጥምቀት ጸሎት መሃል እንግሊዝኛ ቢጨምሩ ከመቀመጫዬ ተነስቼ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሱቅ ውስጥ አንዲት እናት ልጇን በእንግሊዝኛ ስትቆጣ ከሰማሁ ዝም ብዬ አላልፍም። "ለውሻሽ በጌሊክኛ፣ ለልጅሽ በእንግሊዝኛ? ወራሽሽ ውሻው ነው እንዴ?" እላታለሁ። ለዚህም ነው ልጅ የያዙ ሴቶች እኔን ሲያዩ ወደ ዱቄቱ መደርደሪያ ዞር የሚሉት።

እኛ ዘንድ ግን ከእናት ጡት ጋር የጠጣነው አንድ ልማድ አለ። አሥር ሰው ተቀምጦ በጌሊክኛ ሲጫወት ቋንቋውን የማያውቅ አንድ ሰው ከገባ፣ አሥሩም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ማንም አያዝዘንም፤ ምላሳችን ራሱ ይታጠፋል። ያንን አለማድረግ እንግዳን ደጅ ማቆም ነው፣ ነውር ነው። ደግሞም ከአንድ ሰው ጋር መጀመሪያ የተገናኘንበት ቋንቋ እስከ መቃብር ድረስ የሁለታችን ቋንቋ ሆኖ ይቀራል። በእንግሊዝኛ የጀመርነውን ሰው በሌላ ቀን በጌሊክኛ ብናናግረው ልብስ ገልብጠን የለበስን ያህል እናፍራለን። እኔም ያው እንደ ሰዉ ነኝ፤ ስብከቴ ለሌላው ነው።

ኔታን ወደ ሃላስታ ያመጣት ቶርመድ የሚባል መርከበኛ ነው። ወላጆቹ ሞተውበት በመንደሩ ጫፍ ብቻውን ይኖር ነበር። ከግላስጎው ሙሽራ ይዞ መጣ ሲባል አምስት ሴቶች ትኩስ ዳቦና የቤት ቅቤ ይዘን ልናያት ሄድን። ስሟ ማክገርክ፣ ካፖርቷ የከተማ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ሻይ ይዛ ስትገባ አምስታችንም ባንድ አፍ ወደ እንግሊዝኛ ዞርንና ስለ መንገዷ ጠየቅናት። በእንግሊዝኛ መለሰችልን። አለቀ። በዓመቱ የጽዳቱ ሥራ ክፍት ሲሆን ተቀጠረች። በአራተኛው ዓመት ቶርመድ ልቡ ከድቶት ሞተ፤ እሷ እዚያው ቀረች።

"ዛሬ ነፋሱ በርትቷል፣ ኔታ።"

"በርትቷል፣ ኤፊ።"

የሃያ ሁለት ዓመት ወሬያችን ይኸው ነው።

አምና በነሐሴ ረዳቴ ዶሊና ጡረታ ወጥታ ባሕር ማዶ ወዳለችው ልጇ ሄደች። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩ ሁለት አዋቂዎች ከሌሉ ክፍሉ አይከፈትም። የትምህርት ቢሮው እስከ ጥቅምት እረፍት ጊዜ ሰጠን። እስከዚያ ሰው ካልተገኘ ዘጠኙ ልጆች በአውቶቡስ ተጭነው ከተማ ወዳለው የእንግሊዝኛ መዋዕለ ሕፃናት ይሄዳሉ። ከሄዱ ደግሞ ሄዱ ነው፤ ይህን ሠላሳ ዓመት አይቼዋለሁ። በአራት ዓመቱ በእንግሊዝኛ መጫወት የጀመረ ልጅ አርጅቶም የሚጫወተው በእንግሊዝኛ ነው።

ማስታወቂያ ሦስት ጊዜ ሱቁ በር ላይ ለጠፍኩ። ወጣቶቹ ቋንቋውን ይሰሙታል እንጂ አይናገሩትም። አሮጊቶቹ ይናገሩታል፣ ግን ወለል ላይ ቁጭ ካሉ የሚያነሳቸው ይፈልጋሉ። አንድ ጎረምሳ በዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ ብሎ መጣ። ገና በመጀመሪያው ሰዓት አንዷ ሕፃን ሽንቴ መጣ ብትለው ደብተሩን ሲያገላብጥ ሱሪዋ ላይ ለቀቀችው። እሱም ማታውኑ ጀልባ ተሳፈረ።

የወላጆች ስብሰባ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። "ከአንድ መንደር አንድ ሰው ይጥፋ? አንድ?" እያልኩ ስጮህ ኔታ ኮሪደሩን ትወለውል ነበር። ባልዲዋን አንስታ በጎናችን ስታልፍ ለእሷ ክብር ብለን ሁላችንም ወደ እንግሊዝኛ ዞር አልን። በሩን ከኋላዋ ስትዘጋ ደግሞ ወደ ጌሊክኛችን ተመልሰን ማልቀሳችንን ቀጠልን።

በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። ኢሸቤል የምትባል አራት ዓመት የሞላት ልጅ ሽንት ቤት ገብታ መወርወሪያውን ከውስጥ ዘጋችውና መክፈት አቃታት። ጩኸቷ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። እኔ ከውጭ ሆኜ "ወደ ግራ ግፊው፣ ወደ ግራ" እላለሁ፤ ማን ሰምቶኝ። ልጆቹን፣ ልጇን ልታይ ለመጣች አንዲት እናት ትቼ መፍቻ ላመጣ በዝናቡ ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ። ስመለስ ጩኸቱ የለም። ልጅቷ ወድቃ ጭንቅላቷን መትታ ይሆን አልኩ። ከዚያ ድምፁን ሰማሁ።

ተረት ነው። በጌሊክኛ። የቄሱን የካፖርት ቁልፍ ስለዋጠች ዶሮ። ሆዷ ተቆልፎባት እንቁላል መጣል አቃታት፤ ዳክዬው በመንቁሩ ሞከረ፣ በጉ በቀንዱ ሞከረ፣ አልተከፈተም፤ በመጨረሻ የአንዲት ትንሽ ልጅ ትንሽ ጣት ወደ ግራ ገፋ ብታደርገው... ጌሊክኛው የእኛ የሰሜኖቹ አይደለም፤ የደቡቡ፣ የዩስት ደሴት ዜማ ያለው ነው። ከአያቴ ወዲህ ያልሰማኋቸው ቃላት ሞልተውበታል። መጀመሪያ ራዲዮ መሰለኝ። ራዲዮ ግን "አይዞሽ የኔ ዓለም፣ አሁን ጣትሽን እዚያች ብረት ላይ አድርጊያት" አይልም።

ኮሪደሩን ስዞር ኔታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ጉንጯ እርጥቡ ወለል ላይ ነው፤ አፏ ከበሩ ስር። ከውስጥ ኢሸቤል ትስቃለች። መወርወሪያው ቀጭ አለና በሩ ተከፈተ።

መፍቻውን እንደያዝኩ ክው ብዬ ቀረሁ። ከፀጉሬ ውሃ ይንጠባጠባል። በሃላስታ ኤፊ የምትናገረው ስታጣ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ኔታ ቀና ስትል አየችኝ። አልደነገጠችም። ተነስታ ጉልበቷን አራገፈችና በዚያው በለመድነው እንግሊዝኛ፣

"ከፈተችው፣ ኤፊ። ወለሉ እርጥብ ነው፣ እንዳትንሸራተቺ" አለችኝ።

ባልዲዋን ይዛ ሄደች።

ያን ቀን ልጆቹን እንዴት እንደሸኘሁ አላውቅም። መጀመሪያ የመጣብኝ ደስታ ነው፣ ለምን እዋሻለሁ፤ ሰው ተገኘ። ቀጥሎ ንዴት መጣ፤ ይቺ ሴት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታሞኘን ኖረች አልኩ። ሦስተኛው ሐሳብ ሲመጣ ግን ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ለካ እኛ በፊቷ ስናወራ ኖረናል። ለአክብሮት ወደ እንግሊዝኛ የምንዞረውን ያህል፣ እንድትሰማው የማንፈልገው ነገር ሲመጣ ደግሞ ጌሊክኛ እንመዝ ነበር። እሷ መስኮት ስትወለውል እኔና ዶሊና ሻያችንን ይዘን የመንደሩን ሰው አንድ በአንድ እንቦጭቃለን። እሷንም ጭምር፣ እዚያው አጠገባችን ቆማ። ምን ምን እንዳልኩ ላስታውስ ሞከርኩ፤ ከገዛ አፌ የወጣውን ማስታወስ አቃተኝ። ሐሜተኛ ዛሬ አማሁ አይልም፤ ዛሬ ሻይ ጠጣሁ ነው የሚለው።

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። መንገድ ላይ በጌሊክኛ የምላትን እየደጋገምኩ ነው። በሩን ስትከፍትልኝ "እንደምን ዋልሽ፣ ኔታ" አልኳት፣ በቋንቋችን።

"ግቢ፣ ዝናቡ አበሰበሰሽ" አለች በእንግሊዝኛ።

ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። እኔ በጌሊክኛ ቀጠልኩ።

"ለምን ሳትነግሪን ቀረሽ?"

"ማን ጠየቀኝ?"

"ኔታ፣ እባክሽ በቋንቋችን አናግሪኝ።"

"ከአንቺ ጋር ቋንቋዬ እንግሊዝኛ ነው" አለች፣ ስኳሩን ወደ እኔ ገፋ እያደረገች። "የመረጥሽልኝ አንቺ ነሽ።"

"አላወቅንማ። ለአክብሮት ብለን እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ያን ቀን ሻዩ እስኪፈላ ከዚህ ሆኜ ስትጫወቱ እሰማችሁ ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ አምስት ሴት በአንድ ቤት በጌሊክኛ ስትስቅ ስሰማ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ትሪውን ይዤ ስገባ ግን አምስታችሁም አፋችሁን ዘጋችሁብኝ። ቶርመድ ንገሪያቸው፣ ንገሪያቸው ሲለኝ ነው የሞተው። እኔ በሰው ቤት ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ ኤፊ። ያልተሰጠሽን አትንኪ ተብዬ ነው ያደግኩት። እንግሊዝኛውን ሰጣችሁኝ፣ እንግሊዝኛውን ወሰድኩ።"

እዚህ ላይ አንድ ደህና ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። እኔ ግን እኔ ነኝ። ወዲያው ወደ ጉዳዬ ገባሁ። ክፍሉ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀረው፣ ዘጠኝ ልጆች ናቸው፣ ከአንቺ ሌላ ሰው የለንም፣ የቋንቋው ዕድል በእጅሽ ነው እያልኩ ሰበክኳት። እሷ ጽዋዋን በሁለት እጇ ይዛ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"እዚህ በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት አንድ ሳምንት ከሥራ ቀርቼ ነበር። ታስታውሻለሽ?"

አላስታወስኩም።

"ሆስፒታል ነበርኩ። ጽንሱ አምስት ወር ሆኖት ነበር። ሴት ነበረች።"

"አላወቅኩም፣ ኔታ። በእግዚአብሔር አላወቅኩም።"

"ማንም አላወቀ። ሰኞ ተመልሼ ገባሁ። እኔ ማጠቢያው ስር ተንበርክኬ ወለሉን እያሸሁ፣ አንቺ ልጅ አለማግኘቴን አንስተሽ ለዶሊና አንድ ነገር አልሻት።"

ጽዋዋን አስቀመጠች። ከዚያ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በጌሊክኛ ተናገረችኝ። የራሷ የዩስት ጌሊክኛ አልነበረም። የእኔ ነበር፤ የእኔ ድምፅ፣ የእኔ የምዕራብ ዳርቻ ዜማ፣ ፍርድ ስሰጥ ቃሉን ጎተት የማደርጋት ሳትቀር።

"'እንኳንም አልወለደች' አልሽ። 'ብትወልድ ለመንደሩ አንድ ሌላ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ነበር የምትጨምርብን።'"

ማለቴን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላስታውስም ነበር፤ ሆኖም አላልኩም ብዬ ልከራከር አልቃጣኝም። በሃላስታ እንደዚያ የሚል ሌላ ሰው የለም። ቋንቋውን አድናለሁ እያልኩ፣ ቋንቋውን ከእኔ አብልጣ የምታውቅ ሴት የሞተ ልጇን በቋንቋው ስረግምባት ጉልበቷ ላይ ሆና ሰምታኛለች። ሰምታኝም ወለሉን አሽታ ጨርሳለች። ልጅቷ ብትወለድ ኖሮ በመንደሩ ውስጥ ከሁሉ የተዋበ ጌሊክኛ የምትናገረው እሷ ነበረች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል ስንቴ ሰምቼ ነበር፤ ወጊዋ እኔ ልሆን እንደምችል ግን አስቤው አላውቅም።

"ይቅር በ..." ብዬ በጌሊክኛ ጀመርኩ። እጇን አነሳች።

"በእሱ አይሆንም። ከአንቺ ጋር ያለን እንግሊዝኛ ነው።"

በእንግሊዝኛ ይቅርታ ጠየቅኳት። የእኛ የእንግሊዝኛ ይቅርታ ደግሞ ሱቅ ውስጥ የሰው እግር ስንረግጥ የምንላት ናት፤ ከዚያ በላይ ጉልበት የላትም። እሷም ያንኑ ያህል ራሷን ነቀነቀችልኝ። ነገሩ ከሸፈ፣ ክፍሉም ተዘጋ ብዬ ካፖርቴን አንስቼ በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ ተናገረች።

"ሰኞ እጀምራለሁ።"

ዞር አልኩ።

"ልጆቹ ምን አደረጉኝ?" አለች። "ያሳደገችኝ ኬት ቋንቋዋን የሰጠችኝ ይዤው እንድቀበር አይደለም። ግን ለእነሱ ነው፣ ኤፊ። ላንቺ አይደለም።"

የትምህርት ቢሮው ሰው በስልክ ፈተናት። እሷ አሥር ደቂቃ አውርታ ስልኩን ስትሰጠኝ ሰውየው፣ "ይቺን ሴት የት ደብቃችኋት ነው የቆያችሁት?" አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ወለላችንን እያስጠረግናት ነበር ልበለው?

ሰኞ ጀመረች። ገና በጠዋቱ ችግራችን ገጭ አለ። በክፍሉ ውስጥ እንግሊዝኛ መናገር ክልክል ነው፤ ሕጉን በግድግዳው ላይ በትልልቁ ጽፌ የለጠፍኩት እኔው ራሴ ነኝ። ኔታ ደግሞ ለእኔ ጌሊክኛ አትናገርም። እስከ ረፋዱ ድረስ እንደ ሁለት ምሰሶ ወዲያና ወዲህ ቆመን ቆየን። ከዚያ ወተት አለቀ። ኔታ ማሰሮውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ወደ ኢሸቤል ጎንበስ አለች።

"ኢሸቤል የኔ ዓለም፣ ለአክስት ኤፊ ወተቱ አልቋል በያት።"

መካከላችን አምስት እርምጃ ነው። ኢሸቤል አምስቱን እርምጃ መጥታ፣ ደረቷን ነፍታ፣ "ወተቱ አልቋል ትላለች" አለችኝ።

"ለሱቁ ደውያለሁ፣ ከምሳ በፊት ይደርሳል ትላለች በያት።"

ሄዳ ነገረቻት። በዚያው ቀረ።

በሳምንቱ ልጆቹ መልእክተኛ ለመሆን ይሻሙ ጀመር። ተራ ማውጣት ግድ ሆነብን። መልእክቱም ከወተት አለፈ። "ኔታ እንዲህ ትላለች፦ ቀለሙን ማን እንዳፈሰሰው አክስት ኤፊ ታውቃለች፣ ግን ስለምትወደው አትናገርም።" "እሷም ታውቃለች በሏት፣ እሷም ስለምትወደው ነው።" "ኔታ እንዲህ ትላለች፦ ያንን መዝሙር በዚያ ድምፅ ከምትዘምሪው ብትተይው በጎቹ ይመለሱ ነበር።" ልጆቹ እንዲህ ያለውን ሲያደርሱ ደስታቸው ሌላ ነው፤ አንዲት ቃል አትወድቅባቸውም። የሰደበችኝን አድርሰው አፌን አፌን እያዩ መልሱን ይጠብቃሉ። እኔም ስድብ ለልጅ አይሰጥም እያልኩ እሰጣቸዋለሁ።

ጨዋታው ቤታቸው ድረስ ተከተላቸው። የኢሸቤል አባት፣ በግ አርቢ ነው፣ ቋንቋውን ሰምቶ በእንግሊዝኛ ከሚመልሱት አንዱ፣ አንድ ቀን በር ላይ ያዘኝ።

"አክስት ኤፊ፣ ልጄን ምን አደረጋችኋት? ከሚስቴ ጋር ልነጋገር አልቻልኩም። መሃላችን ገብታ 'እማዬ እራት ቀርቧል ትልሃለች፣ ምን ልበላት?' ትለኛለች። በጌሊክኛ ካልመለስኩ አታደርስልኝም።"

"ታዲያ ምን አደረግክ?"

"እራቴ ሲቀዘቅዝ ምን አደርጋለሁ፣ መለስኩ እንጂ።"

ስለ ኔታ ሕይወት የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት በዚህ ዓመት ነው፤ እሱም ግድግዳ ተደግፌ። ከምሳ በኋላ ልጆቹን ጥግ ላይ ሰብስባ ስለ ራሷ ታወራላቸዋለች፤ እኔ በዕቃ ክፍሉ ውስጥ ወረቀት የማስተካክል መስዬ እሰማለሁ። በአራት ዓመቷ፣ እናቷ በሞተች በወሩ፣ ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ካፖርቷ ላይ ተሰፍቶ ከግላስጎው በመርከብ ወደ ዩስት ተላከች። ያን ጊዜ ከተማው ወላጅ የሌላቸውን ልጆች በየደሴቱ ገበሬ ቤት ያስቀምጥ ነበር። ወደቡ ላይ ጠንካራ ጠንካራዎቹን ለሥራ እየመረጡ ወሰዷቸው፤ እሷን የወሰደቻት አንድ ላም ብቻ የነበራት፣ ያላገባች አሮጊት ናት፣ ኬት የምትባል። በመጀመሪያው ክረምት እንግሊዝኛዋ ከአፏ ጠፋ። በዓመቱ ከከተማው የተላከ አንድ ሰው አያያዟን ሊያይ፣ ጫማዋን ሳይቀር ሊፈትሽ መጣና አንድ ነገር ጠየቃት፤ መመለስ ስላቃታት ልጅቷ አእምሮዋ ዘገምተኛ ነው ብሎ መዝግቧት ሄደ።

"ምን ብሎ ነው የጠየቀሽ?" አለች ኢሸቤል።

"እንጃ። አልገባኝማ" አለች ኔታ፣ ልጆቹ ተንከባለሉ።

ዕቃ ክፍል ውስጥ ያለችው ሴት ግን አልሳቀችም። ያ ሰው በአንደኛው ቋንቋ ዝም ስላለች ደደብ አላት፤ እኛ በሌላኛው።

ኬት ስትሞት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ወደ ግላስጎው መለሷት፤ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ሆነች፤ እንግሊዝኛን እንደ አዲስ ተማረች። አሥራ አራት ዓመት ከአንድም ሰው ጋር ጌሊክኛ ሳትነጋገር ኖረች። አንድ ቀን ክንዱ የተሰበረ መርከበኛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አቅቶት በጌሊክኛ ሲራገም ሰማችው። ተንበርክካ አሰረችለትና፣ "ይህንን አፍ ይዘህ ነው ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው?" አለችው። ቶርመድ ነበር።

በሰኔ የትምህርት ቢሮው ተቆጣጣሪ መጣች። ባሕር ማዶ የተወለደች፣ ቋንቋውን አዋቂ ሆና የተማረች፣ ጥንቁቅ ሴት ናት። በልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀምጣ ጠዋቱን ሙሉ ስትጽፍ ዋለች። ልጆቹ ሊሄዱ ሲሉ ተነሳች፤ ፊቷ ቀልቷል።

"የጎበኘሁት ቦታ ብዙ ነው" አለች። "በሌላ ቦታ ልጆቹ ይሰማሉ፣ በአንድ ቃል ይመልሳሉ፣ ከዚያ ዞር ብለው በእንግሊዝኛ ይጫወታሉ። እዚህ ግን ሙሉ ነገር ተሸክመው ይሮጣሉ። ይከራከራሉ፣ ያሾፋሉ፣ እርስ በርሳቸው እንኳ በጌሊክኛ ነው የሚጣሉት። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ዘዴው የማን ነው? ለሌሎቹ ማስተማር አለብን።"

ኔታ ጀርባዋን ሰጥታን ብሩሾች ታጥባለች። ዞር አላለችም።

የምዋሸው ጠፍቶኝ አይደለም። "ዘዴ አይደለም" አልኳት። "በድያት ነው። ከእኔ ጋር በዚህ ቋንቋ አትነጋገርም፤ ልጆቹ ያመላልሱልናል።"

ተቆጣጣሪዋ ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠችው። ብዕሯ ወረቀቱ ላይ እንደቆመ ቀረ። ወደ ኔታ ጀርባ አየች፣ ወደ ልጆቹ አየች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እና..." አለች ዝግ ብላ፣ "ባትታረቁ ይሻላል ማለት ነው?"

ደነገጥኩ። ከሽንት ቤቱ በር ይልቅ፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ይልቅ ያን ጊዜ ደነገጥኩ። እሷን አይደለም የፈራሁት። ጥያቄው ተገቢ መሆኑን ስላወቅኩ ነው፤ ከዚያም ይብስ፣ ለአንድ አፍታ፣ ልክ ናት ብዬ ስላሰብኩ ነው። ለቋንቋው ከሆነ ያቺ ሴት ቂሟን ይዛ ብትኖር ምን አለበት ብሎ ያሰበው ያው ያ አሮጌው ጭንቅላቴ ነው። እንኳንም አልወለደች ያለው።

ተቆጣጣሪዋን ሸኝቼ ስመለስ የቀረችው ኢሸቤል ብቻ ናት፤ አባቷን ትጠብቃለች። በመስከረም ትልቁ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ጥርሷ መውለቅ ጀምሯል። ጠራኋት። መልእክት አለ ስላት ደረቷን ነፋች። ለኔታ በያት አልኩና፣ ዓመት ሙሉ ማን አንደበት ላይ ልጫነው እያልኩ የዞርኩበትን፣ በጌሊክኛ፣ ጮክ ብዬ ነገርኳት።

"'ስለ ሕፃንሽ ያልኩት ክፉ ነገር ነበር። ይቅር በይኝ' ትልሻለች በያት።"

ኢሸቤል እንዳትረሳው ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አንዴ ለራሷ ደገመችው። ከዚያ ክፍሉን አቋርጣ ሄዳ አንድም ሳታጎድል ለኔታ ነገረቻት። ኔታ ብሩሹን ከቧንቧው ስር እንደያዘች ቆየች። ውሃው ይፈሳል፤ አልዘጋችውም። ጎንበስ አለችና ለልጅቷ አንድ ነገር ነገረቻት፤ ከቆምኩበት አልሰማሁትም።

ኢሸቤል ተመልሳ ፊቴ ቆመች።

"ምን አለች?"

"'ሰማሁ' ትላለች። 'ድሮም እሰማሽ ነበር' ትላለች። አክስት ኤፊ፣ መልስ አለው?"